ኢንጄክተሩ ተጠግኖ ሞተሩ ቢያስቸግር፤ ለቆላው መንገድ የጭነት መኪና ባለቤቶች

የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ሁሉ አንድ ቀን ሳይደርስበት የማይቀር ነገር አለ። መኪናው ጢሱ በዝቶ ጕልበቱም ደክሞ ወደ ጋራዥ ይገባል፤ ኢንጄክተሩ ተበላሽቷል ተብሎ ይፈታል፤ ይጠገናል፤ ገንዘቡም ይከፈላል። ከዚያ በኋላ መኪናው ከገባበት ጊዜ የባሰ ሆኖ ይወጣል። ወይ አልነሣም ይላል፤ ወይ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ወይም ወባ እንደ ያዘው ሰው እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጢስ ይተፋል። ባለቤቱ መካኒኩን ሌባ ይለዋል፤ መካኒኩ ናፍጣውን ያማል፤ ሾፌሩም በመካከል ቆሞ ሁለቱም ወገን የሚጠረጥሩት ሰው ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ሰዓት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መካኒክ አይደለም። ሥራዬ በነገሌ ቦረና ለአንድ ነጋዴ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሒሳብ መያዝና የመኪናዎቹን የወጪ ደረሰኝ መሰብሰብ ነው። ሆኖም የጥገና ደረሰኝ ለብዙ ዓመት ያገላበጠ ሰው እያንዳንዱ ብር ስለምን እንደ ወጣ መጠየቁ አይቀርም፤ ስጠይቅም መካኒኮቹ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ከነርሱ የተማርሁት ዋና ነገር ይህ ነው። ከኢንጄክተር ጥገና በኋላ የሚታየው እክል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በኢንጄክተሩ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት፣ ዋጋቸው ትንሽ በሆነ ቱቦዎችና ሮንዴላዎች ዘንድ ነው። ስለዚህ የተገጠመውን ሁሉ እንደ ገና ከማስፈታትና ወደ ክስ ከመሄድ አስቀድሞ በቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

መመርመሩ ለምን እንደሚያስቸኩል መንገዱ ራሱ ይናገራል። ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሐዋሳ ወዲህ በአፖስቶና በአለታ ወንዶ ታልፎ የቦሬ ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ክብረ መንግሥት ተወርዶ ነገሌ ይገባል። ከነገሌ ወዲያ መንገዱ በፊልቱ አድርጎ ገናሌና ዳዋ ወደሚገናኙበት ወደ ዶሎ ቆላ ይዘልቃል። ወደ ታች የሚወርደው እህል፣ ስኳር፣ ሳሙናና ሲሚንቶ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ የቦረና ከብት፣ ፍየል፣ ቆዳ፣ ሙጫና ዕጣን ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሁለት ቀን ቢቆም የሚጠፋው ጊዜ ነው። ከብት የጫነ መኪና ሁለት ቀን ቢቆም ግን ሥጋው በጠራራ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል። በአዳማ ያለው የማድለቢያ ባለቤት በሚዛን የሚገዛ ስለሆነ በመንገድ የቀለጠውን አይከፍልም።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በሚገባ የሠራውን ሞተር ለምርመራ ባቀረበ ጊዜ ያስረዳው ነገር፣ አየር አጥብቆ ቢታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚደርስ የተረጨበትን ናፍጣ ያለ እሳት እንደሚያቀጣጥል ነው። በ1927 የቦሽ ፋብሪካ የናፍጣ መርጫ ፖምፓ በብዛት ማውጣት ሲጀምር ሞተሩ ለጭነት መኪና ምቹ ሆነ። ኢንጄክተር የሚባለውም ፖምፓው የላከውን ናፍጣ እንደ ጉም አድርጎ በትክክለኛው ቅጽበት የሚረጨው መሣሪያ ነው። በውስጡ ያለው መርፌ ከማቀፊያው ጋር ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ሺህ እጅ ሁለቱ እስከ አራቱ ብቻ ነው፤ የሰው ጠጕር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። የቀድሞዎቹ ኢንጄክተሮች በ200 አትሞስፌር ገደማ ግፊት ይከፈታሉ፤ በዛሬዎቹ ሞተሮች ግን ግፊቱ ከ1,600 ያልፋል።

ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ናፍጣ የሚለው ቃል ራሱም ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ነገሌን የያዘው ከዶሎ ተነሥቶ በመኪና ሰልፍ ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ ፊያት 682 ኤን 3 በአገራችን ጎዳና ላይ ሲበዛ ሕዝቡ «ኤንትሬ» ብሎ የጠራው በዚያው ቋንቋ ቍጥር ነው። ዛሬ በመንገዱ ላይ የሚበዙት አይሱዙና ሲኖትራክ ቢሆኑም የመካኒኩ መዝገበ ቃላት አልተለወጠም።

አሁን ወደ ጕዳዩ እንመለስ። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ኢንጄክተሩን ያበላሸው ምን ነበር የሚለው ነው፤ ምክንያቱ ካልተወገደ አዲሱም በሳምንቱ እንደ አሮጌው ይሆናልና። በቆላ ከተሞች ናፍጣ ብዙ ጊዜ ከበርሜልና ከጀሪካን ይቀዳል። በርሜል ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ጠል ይሆናል፤ ውሃውም ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። ቱቦውን እስከ በርሜሉ ወለል አውርዶ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ የሚቀዳው ውሃውንና ዝገቱን ነው። በነጠላ ጨርቅ ማጥለል አሸዋውን ይይዛል እንጂ መርፌውን የሚፍቀውን ደቃቅ አቧራ አይዝም። ከሁሉም የሚከፋው ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ነው። ፖምፓውና መርፌው ቅባት የሚያገኙት ከሚያልፍባቸው ናፍጣ ስለሆነ፣ ቀጭን የሆነው ላምባ ሲበዛ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። ይህን የሚሠራ ሻጭ በሊትር የሚያተርፈው ሳንቲም ለገዢው የፖምፓ ዋጋ ይሆንበታል።

ስለዚህ ኢንጄክተር ሲጠገን ሰርባቶዮው ከሥሩ ተከፍቶ ዝቃጩ መውጣት አለበት፤ ፊልትሮውም በአዲስ መለወጥ አለበት። አሮጌውን ፊልትሮ በናፍጣ አጥቦ የሚመልስ መካኒክ ገንዘብ ያተረፈልን ይመስለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ያጠበው ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ነው።

ከጥገና በኋላ ሞተሩ አልነሣ ቢል፣ ወይም ተነሥቶ ጥቂት ሠርቶ ቢጠፋ፣ አስቀድሞ የሚጠረጠረው አየር ነው። ቱቦዎቹ ሲፈቱ አየር ይገባል። ናፍጣ ሲታመቅ መጠኑ እምብዛም አይቀንስም፤ አየር ግን ይኮማተራል፤ ስለዚህ ፖምፓው ቢገፋ የሚታመቀው አየሩ ብቻ ስለሚሆን መርፌው አይከፈትም። በቀድሞዎቹ ሞተሮች መድኃኒቱ ቀላል ነው። በፊልትሮው ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ተደርጎ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ የእጅ ፖምፓው ይመታል፤ ቀጥሎ በመርጫ ፖምፓው ላይ ያለው እንዲሁ ይደረጋል፤ በመጨረሻም በኢንጄክተሮቹ ራስ ላይ ያሉት ዳዶዎች ጥቂት ላልተው ሞተሪኖው ሲዞር ናፍጣው በየተራው ሲወጣ ይጠበቃሉ። ይህ ሳይደረግ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማዞር ባትሪውን ከመጨረስና ሞተሪኖውን ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም።

አየሩ ወጥቶ ከተመለሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው። ለዚህ አንድ የማውቀውን ምሳሌ ልጥቀስ። አንድ የፍየል ነጋዴ መኪናው በአንድ ከተማ ጋራዥ ኢንጄክተሩ ተጠግኖለት በማግሥቱ ፍየል ጭኖ ከነገሌ ወደ አዳማ ተነሣ። እስከ ክብረ መንግሥት ደኅና ሄደ። የቦሬን አቀበት ሲጀምር ሞተሩ ጠፋ፤ ሾፌሩ አየሩን አስወጥቶ አስነሣው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደ ገና ጠፋ። እንዲህ እየሆነ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አለፈ። ባለቤቱ ሌላ መካኒክ ይዞ ደረሰ፤ የመጀመሪያውንም ጋራዥ ለመክሰስ ቃሉን በወረቀት አስጽፎ ነበር። ከመካኒኩ ጋር የመጣው ረዳት ልጅ፣ «ሐጂ፣ ከመፍረድዎ በፊት ይህን ጀሪካን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርገን እንስቀለውና በአጭር ቱቦ ከዚያ ይጠጣ፤ እንየው» አላቸው። ንጹሕ ናፍጣ የሞላው ጀሪካን ታሰረ፤ ሞተሩም ተነሥቶ ሳይጠፋ ሠራ። ልጁ ቀጥሎ ወደ ሰርባቶዮው ሄዶ የመሳቢያውን የላስቲክ ቱቦ በእጁ ቢያጥፈው ከማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ ተገኘ።

በዚያ ስንጥቅ አንድ ጠብታ ናፍጣ አልፈሰሰም ነበር። መካኒኮቹ እንደ ነገሩኝ የመሳቢያ ቱቦ ጠባዩ ይህ ነው፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ አያወጣም፤ ስለዚህ ፍሳሽ የሚፈልግ ዐይን አያየውም። በሜዳ ሞተሩ ጥቂት ስለሚጠጣ ይታገሣል፤ በአቀበት ብዙ ሲስብ ግን አየሩ ያሸንፈዋል። የኢንጄክተሩ ጥገና ምንም ነውር አልነበረበትም። የቱቦው ዋጋ ከአንድ ፍየል ዋጋ ያነሰ ሲሆን በዚያ መንገድ የሞቱት ፍየሎች ሰባት ነበሩ። የክሱ ወረቀት ተቀደደ።

ሞተሩ ተነሥቶ የሚንቀጠቀጥና አንድ እግሩን እንዳነከሰ እንስሳ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲሊንደር አይሠራም ማለት ነው። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ፣ በቀድሞው ዓይነት ሞተር፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ የየኢንጄክተሩ ቱቦ ዳዶ በየተራው ግማሽ ዙር ያህል ይላላል። የሚሠራው ሲሊንደር ሲላላ ድምፁ ይለወጣል፤ የማይሠራው ቢላላ ግን ምንም ለውጥ የለም። እንግዲህ ጠቡን የሚፈታው ምርመራ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ነው። የተጠረጠረው ኢንጄክተር ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ይለዋወጣል። እክሉ ኢንጄክተሩን ተከትሎ ወደ ጎረቤቱ ሲሊንደር ከሄደ ጥፋቱ የኢንጄክተሩ ነው፤ የጠገነውም ሰው ሊመልሰው ይገባል። እክሉ በነበረበት ከቀረ ግን ኢንጄክተሩ ንጹሕ ነው፤ ባልቦላው፣ የፒስቶኑ ፋሻ ወይም የመርጫ ፖምፓው የዚያ ሲሊንደር ክፍል ይመርመር። ባለቤቱና መካኒኩ ይህን ምርመራ አብረው ቆመው ቢያዩት ሽማግሌ አያስፈልጋቸውም።

በዚህ ሥራ ጊዜ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ከኢንጄክተር የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቍስሉ የመርፌ ወግ ያህል ቢመስልም እጅ እስከ መቆረጥ ያደርሳል፤ የደረሰበት ሰው «ትንሽ ነው» ሳይል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ፍሳሽ በእጅ አይዳሰስም፤ በካርቶን ቍራጭ ይፈለጋል።

ጢሱም የሚነግረው አለ። የሚያቃጥል የናፍጣ ሽታ ያለው ነጭ ጢስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ መርፌው ይንጠባጠባል፣ ወይም ፖምፓው ወርዶ ከነበረ ሲመለስ ሰዓቱ ዘግይቷል። ሰዓቱ ቢቀድም ደግሞ ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ያንኳኳል። የራዲያቶሩ ውሃ እየጎደለ የሚወጣው ነጭ ጢስ ግን የጓርኒሲዮን ጕዳይ ነው። ሰማያዊ ጢስ የዘይት ነው፤ ኢንጄክተሩን አይመለከተውም። ጥቁር ጢስ ናፍጣ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ይናገራል፤ በእኛ ቀይ አፈር አገር ደግሞ አስቀድሞ የሚከፈተው የአየር ማጣሪያው ነው።

ስለ ጥቁር ጢስ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት፤ ዶሎ ኦዶ 200 ሜትር ገደማ፤ ቦሬ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባም 2,400 ሜትር ገደማ። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። በቆላ ተጠግኖ በቆላ የተስተካከለ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደጋ ሲወጣ ናፍጣው ያው ሆኖ አየሩ ስለሚያንስ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ጕልበቱም ይቀንሳል። በደጋ የተስተካከለው ደግሞ ቆላ ሲወርድ ሊሰጥ የሚችለውን ጕልበት ሁሉ አይሰጥም። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። መኪናው ውሎ ማደሪያው የት እንደ ሆነ ለፖምፓ አስተካካዩ አስቀድሞ መንገር ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ስለ መዳብ ሮንዴላ ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። በኢንጄክተሩ ጫፍ ሥር የምትቀመጠው ይህች ቀለበት የታመቀውን ጋዝ ትከለክላለች፤ ሙቀቱንም ወደ ቴስታታው ታሻግራለች። አሮጌዋ እንደ ገና ብትገባ ደርቃ ስለ ጠነከረች አትገጥምም፤ ሞተሩ ሲሠራ «ጭስ፣ ጭስ» የሚል ድምፅ ከኢንጄክተሩ ሥር ይሰማል፤ ጥላሸትም ይወጣል። አንዳንድ ጊዜም አሮጌዋ በጕድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ሳትታይ ትቀርና አዲሷ በላይዋ ትደረባለች፤ ያን ጊዜ የኢንጄክተሩ አፍ ከቦታው ከፍ ስለሚል ናፍጣውን ሊረጭ ከሚገባው ስፍራ ውጭ ይረጫል። መካኒኩ ስድስት አውጥቶ ስድስት አሮጌ ሮንዴላ ቆጥሮ ማሳየት አለበት። አምስት ከሆነ ስድስተኛዋ የት እንዳለች ሳይታወቅ ምንም አይገጠም።

መኪናውን ወዲያው ማቆም የሚገባው ግን በአንድ ምልክት ነው። የሞተሩ ዘይት በመለኪያው ላይ ከነበረበት ከፍ ብሎና ናፍጣ ናፍጣ ሸትቶ ቢገኝ ናፍጣው ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታውን ይበላል፤ ተከፍቶ የቀረ ኢንጄክተርም ፒስቶኑን ሊበሳ ይችላል። እዚህ ላይ «ከተማ እስክንደርስ» ማለት የሙሉ ሞተር ዋጋ ነው፤ ከብት ቢጫንም እንኳ ሌላ መኪና ጠርቶ ማሸጋገር ይረክሳል።

ከላይ ስለ ዳዶ ማላላት የተነገረው ለአዲሶቹ፣ በኮምፒዩተር ለሚታዘዙት ሞተሮች ፈጽሞ አይሆንም። በነርሱ ውስጥ ግፊቱ በጋራ ቧንቧ ተጠራቅሞ የሚጠብቅ ስለሆነ ሞተሩ እየሠራ ማላላት ለሕይወት ያሰጋል። ደግሞም በብዙዎቹ በየኢንጄክተሩ ራስ ላይ የፊደልና የቍጥር ምልክት ተቀርጾ ይገኛል፤ አዲስ ሲገጠም ያ ምልክት በመሣሪያ ወደ ሞተሩ ኮምፒዩተር ካልገባ ኢንጄክተሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ይህ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ሥራውን ባይቀበል ክብሩ ነው።

የቀረው የወረቀት ጕዳይ ነው፤ በዚህስ የሙያ ድፍረት አለኝ። «ኢንጄክተር ጥገና» ተብሎ በሁለት ቃልና በአንድ ድምር የሚጻፍ ደረሰኝ ለክርክር እንጂ ለማስረጃ አይጠቅምም። እያንዳንዱ ኢንጄክተር በመሞከሪያው ላይ በስንት ግፊት እንደ ተከፈተ፣ የትኛው አፍ እንደ ተለወጠና የማን ፋብሪካ ሥራ እንደ ሆነ፣ ሮንዴላውና ፊልትሮው አዲስ መሆኑን፣ ፖምፓው ወርዶ እንደ ሆነና እንዳልወረደ፣ መኪናው ሲወጣ ያነበበው ኪሎ ሜትር ይጻፍ። የተለወጡት አሮጌ ዕቃዎች ለባለቤቱ ይመለሱ። ጭነት ሳይጫን በፊት ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ባለበት አቀበት ያለው አጭር መንገድ ይነዳ፤ ከተመለሰ በኋላም ዳዶዎቹ ለፍሳሽ እንደ ገና ይታዩ። ጥፋቱ የጥገናው ሆኖ ቢገኝ እስከ ስንት ቀን ያለ ክፍያ እንደሚታይም አስቀድሞ ይወሰን። ጥሩ መካኒክ ይህን ሲጠይቁት አይቆጣም፤ እርሱንም ከሐሜት ያድነዋልና።

ለመለዋወጫ አስመጪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ትልልቁን ዕቃ፣ ፖምፓውንና ሙሉ ኢንጄክተሩን፣ ከአዲስ አበባ ማዘዝ ይቻላል። መኪናውን በመንገድ የሚያስቀረው ግን የመዳብ ሮንዴላ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የመሳቢያ ቱቦና ማሰሪያው ነው። እነዚህን በነገሌ፣ በክብረ መንግሥትና በፊልቱ ያለ ባለ ሱቅ ከዘይቱ ጎን ቢያስቀምጥ ገዢ አያጣም። የሮንዴላ ውፍረት ግን ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ስለዚህ በሚታዘዝበት ጊዜ የመኪናው ስም ብቻ ሳይሆን የሞተሩ ዓይነት ተጽፎ፣ ከተቻለም አሮጌዋ ናሙና በፖስታ ታሽጋ አብራ ትላክ።